ዋናውን አልነገርኳትም

«ውሃ ነው አሉ የበላው?»

ጥያቄው የመጣው ከበሩ ውጭ፣ ከደረጃው ላይ ነው። ጠያቂዋ ጫማዋን እያወለቀች ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ የዙሪኩ ሽዋመንዲንገን ሰፈር የኪራይ ቤት ደረጃ ግን ሹክሹክታን ተቀብሎ አጉልቶ ነው የሚመልሰው። ሰሊማ ሳሎን ውስጥ፣ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰማችው።

«ምን ውሃ አመጣሽ። ሥራ ቦታው ነው፤ ልቡ ነው» አለች ሌላዋ።

«እንጃ፣ ፎቶው ሁሉ ውሃ ዳር ስለሆነ ነው።»

«ዳር ነዋ። ገብቶ አያውቅም።»

ሰሊማ ተነሣች። ኮሪደሩን አልፋ በሩን ስትከፍተው ሁለቱ ሴቶች ክው ብለው ቀሩ። እሷ ግን ሰላምታቸውን ተቀብላ ጎንበስ አለችና ደረጃው ላይ የተዝረከረከውን ጫማ ጥንድ ጥንድ እያደረገች ከግድግዳው ጋር ታሰልፍ ጀመር። ከቀብር መልስ እንኳ ይህን ስታደርግ አራተኛ ጊዜዋ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ እንጂ» አሉ እትዬ ሀጂራ ከውስጥ። በዙሪክ የወሎ ሰው ሲሞት ቤቱን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም። «ለቅሶ ቤት ጫማ የሚደረድረው ጎረቤት ነው። ባለቤቲቱ ትቀመጣለች።»

«ጎረቤቶቹ ደረጃ ላይ ጫማ አይወዱም፣ እትዬ።»

«የሚወዱትን ነገ ይወዳሉ። ነይ ቁጭ በይና አልቅሺ። እንባ ሐራም አይደለም፤ ሐራሙ ደረት መድቃት ነው።»

ሰሊማ ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሰው ፊት ማልቀስ አታውቅበትም። አባቷ ደሴ ሲያርፉ እንኳ ያለቀሰችው ከሦስት ወር በኋላ፣ ብቻዋን ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር።

ባሏ ጁሀር የሞተው ባለፈው ረቡዕ ጠዋት፣ አልትሽቴተን ሰፈር በሚሠራበት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ሻይ ልጠጣ ብሎ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ላይ ማንም ያላየው የቆየ ችግር እንደነበረ ነገሯት። ጀናዛው እስኪለቀቅ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ አምስት ቀን ሄደ፤ ዛሬ ሰኞ ወንዶቹ ቀብረውት ገቡ። እነሱም ኮሪደሩ ውስጥ ቆመው ይነጋገራሉ።

«አንዲት ፈረንጅ ነበረች፣ አላየሃትም? የብስክሌት ቆቧን ደረቷ ላይ ይዛ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሰው ትሆናለቻ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ ላይ ነው የቆሙት። እሷ ለብቻዋ ነበረች። ‹ጁሀር እዚህ ነው?› አለችኝ፤ ስሙን እንደኛው አድርጋ ጠራችው። ስታለቅስ ደግሞ…»

«ዝም በል እስቲ፤ ይሰማል።»

ተሰምቷል። ሰሊማ ከፊቷ ያለውን የሻይ ፔርሙስ አንሥታ ባዶ መሆን አለመሆኑን አየች፤ ሙሉ ነበር። ቢሆንም ይዛው ወደ ማድ ቤት ሄደች።

*

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ለቀብሩ ወረቀት የጁሀር የመኖሪያ ፈቃድ ተፈልጎ መሳቢያውን ስትበረብር አረንጓዴው ደብተር እጇ ገባ። ደብተሩ እንግዳ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የቤቱ አራተኛ ሰው ሆኖ ኖሯል። ሽፋኑ ላይ በጁሀር የተንጋደደ ጽሑፍ «ለልጅ የሚሆኑ የዋና ቦታዎች» ይላል።

ጁሀር ጣሪያ ሥር ያለ ውሃ አይወድም ነበር። «እስረኛ ነው» ይላል። «ውሃ ማለት ሰማይ የሚያይ ነው።» በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ካርታ ያነጥፋል፤ የሥራ ባልደረቦቹን ይጠይቃል፤ ሐይቅ፣ ኩሬ፣ ወንዝ ረጋ ብሎ የሚያርፍበትን እጥፋት እየለየ ለበጋው ዕረፍት ያዘጋጃል። ከዚያ ሦስቱም፣ እሱ፣ ሰሊማና ልጃቸው ሉበና፣ ምሳ ቋጥረው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ያየውን ይጽፋል።

«ካትሰንዜ። ቅርብ ነው። ሣሩ ሰፊ፣ መግቢያው ነጻ። ከዳር እስከ ሃያ እርምጃ ውሃው ከሉበና ወገብ አያልፍም። ዳክዬዎቹ ዳቦ ይሰርቃሉ። ሰሊማ ጥላ ታገኛለች።»

«ቱርለርዜ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ታችው ጭቃ ስለሆነ ሉበና ጮኸች፤ ኋላ ግን አልወጣም አለች። ሽንት ቤቱ ንጹሕ። ሰሊማ ትልቁ ዛፍ ሥር ተኛች፤ አልቀሰቀስናትም።»

«ካውማዜ። ያምራል፤ ሰው ሁሉ ያምራል ስለሚል ሰው ይበዛል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ለልጅ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። ሰሊማ ዳገቱን አልወደደችውም።»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሰሊማ ቅዳሜ ዕለት ደብተሩን የከፈተችው ይህን የለመደችውን ድምፅ ለመስማት ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አይታው የማታውቀውን አገኘች፦

«ጄኔቭ፣ የዚያን ቀኑ ቦታ። በሐምሌ እንመለስበታለን። ዋናውን ለሰሊማ አልነገርኳትም። ስታውቅ ምን እንደምትል እንጃ።»

ቆማ አነበበችው። ተቀምጣ ደገመችው። ዋናውን አልነገርኳትም። የቱን ዋና? የልቡን ሕመም ያውቅ ኖሯል? ወይስ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው? አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። የጫማውን ቁጥር፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለው የሚዞርበትን ጎን፣ ሽሮ ሲወፍርበት የሚያሳየውን ፊት ታውቃለች። ዋናውን ካልነገረኝ፣ የነገረኝ ሁሉ ትርፍራፊ ነበር ማለት ነው? አለች በልቧ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃታት። ሰው ሁሉ አልቅሺ ይላታል። ለማን? የማታውቀው ሰው ከሆነ የሞተው፣ ለማን ነው የምታለቅሰው?

*

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሙጃሂድ መጣ። ከጁሀር ጋር መጋዘን ውስጥ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሰማያዊ የትከሻ ቦርሳ ይዟል።

«ከሎከሩ ያወጣሁት ነው፣ እህቴ። አልከፈትኩትም። ‹ለሚስቱ ስጥ› አሉኝ።»

ቦርሳውን ስትቀበለው ስስ ሽታ አፍንጫዋን ነካት፤ የበረኪና። ታውቀዋለች። ጁሀር ከመከር ጀምሮ አንዳንድ ቀን ይህ ሽታ በፀጉሩ ላይ ነበር። «መጋዘኑን በምን እያጠቡት ነው?» ስትለው «ባገኙት» ብሎ አልፏታል።

«ደክሞት ነው የሞተው መሰለኝ» አለች ሰሊማ ዓይኗን ቦርሳው ላይ እንደተከለች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ትርፍ ሰዓት ያሠሩት ነበር።»

ሙጃሂድ እንዳመጣለት መለሰ። «ማክሰኞ? ኧረ ማክሰኞማ እንደ ወፍ ነበር የሚበረው። አሥር ሰዓት ሲሆን በር ላይ ነው። ‹ጁሀር ሠርግ አለበት› እያልን እንስቅበት ነበር እኮ…» ፊቷን አየና ቃሉን ዋጠው። «ማለቴ፣ አንዳንዴ ነው።»

«ሻይ ጠጣ» አለችው።

ቦርሳውን ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችና በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። ማክሰኞ። የብስክሌት ቆብ የያዘች ሴት። ዋናውን አልነገርኳትም። ሦስቱም ነገሮች ተያይዘው ጭንቅላቷ ውስጥ ሲዞሩ ዋሉ፤ እሷም ከክፍል ክፍል ስትዞር ዋለች። የተወለወለ ጠረጴዛ ወለወለች። የሉበናን የትምህርት ቤት ቦርሳ አራግፋ መልሳ ሞላች።

«ይቺ ልጅ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን እንዴት አድርጋ ነው ቤት የምትቀመጠው?» አሉ እትዬ ሀጂራ ጎናቸው ላለችው ሴት። «ገና በሁለተኛው ቀን ምንጣፉን ጨረሰችው።»

ማምሻውን ዘከሪያ ሳህን ሊያቀብላት ማድ ቤት ሲገባ በሩን ገርበብ አደረገችው። ዘከሪያ የጁሀር ታናሽ ነው፤ ጄኔቭ ይኖራል፤ ከረቡዕ ጀምሮ እዚሁ ፍራሽ ላይ ነው የሚያድረው።

«ሐምሌ ላይ ጄኔቭ ምን ነበር?»

«ልትመጡ አልነበር? ወንድምጋሼ ‹አንድ ሳምንት እናስቸግርሃለን› ብሎኛል።»

«ለምን?»

«ለዕረፍት ነዋ። ያቺ ወንዝ ጋ።» ዘከሪያ ሳህኑን አስቀመጠ። «እንዲያውም ‹ድልድዩ ሥር ያለው ኩሬ ጥልቀቱ ስንት ይሆናል፣ ሄደህ እይልኝ› አለኝ። የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ምን ጠፍቶብህ ነው አለችኝ። ‹የወንድሜ አእምሮ› ብዬ ልመልስላት ነበር።» ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እሱና ውሃ መቼ ይስማማሉ።»

«የሐይቅ ልጅ ሆኖ ዋና የማይችል» አለች ሰሊማ። ጁሀርና ዘከሪያ ያደጉት ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው አፍንጫ ሥር ነው። የድሮ ቀልዳቸው ነበር።

ዘከሪያ አልሳቀም። «ምን ያድርግ፣ እናታችን መች አስጠጋችው። ከሱ ፊት የተወለደውን ሐይቁ ስለወሰደባት።»

ሰሊማ የያዘችው ሳህን ላይ ውሃው እየፈሰሰ ነው። «ማንን?»

«ታላቃችንን፣ ሰይድን። አብረው ነበሩ አሉ። ወንድምጋሼ አምስት ዓመቱ ነው፤ ዳር ቆሞ አየው።» ቀና ብሎ አያት። «አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም» አለች። ቧንቧውን ዘጋችው።

*

የዚያን ቀኑ ቦታ።

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘከሪያን ሊጠይቁ ጄኔቭ ወርደው ከከተማው ወጣ ወዳለች አንዲት ወንዝ ሄዱ። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ይወርድና ከእንጨት ድልድይ ሥር ሰፋ ብሎ ይቆማል። ብዙ ቤተሰብ አለ፤ ልጆች በመረብ ጥቃቅን ዓሣ ያሳድዳሉ። ሉበና አራት ዓመቷ ነበር። ሰሊማ ሐብሐብ እየቆረጠች ቀና ስትል የልጅቱ ቀይ ቆብ ውሃው ላይ ብቻውን ሲንሳፈፍ አየች።

ጁሀር ከዳር ቆሟል። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ነክቶታል። እጆቹ ወደ ፊት ተዘርግተዋል፣ አፉ ተከፍቷል፣ እግሩ ግን አልተነቀለም። ነጭ ፀጉር ያላት አንዲት ሴት ልብሷን እንደለበሰች ገብታ ልጅቱን በአንድ እጇ አወጣቻት። ሉበና ውሃ ተፋች፤ አለቀሰች፤ ወዲያው ሐብሐብ ጠየቀች። የዳክዬ ሥዕል ባለበት ቢጫ ፎጣዋ ጠቀለሏት። በቃ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አልሆነም።

የሆነው ነገር ሰሊማ የተናገረችው ነው። ፎጣውን እያጠበቀች፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ «አባት ሆነህ ቆመህ አየሃት» አለችው።

እሱ አልመለሰም። ወደ ዙሪክ ሲመለሱ በባቡሩ መስኮት ሐይቁን እያየ መጣ። በሳምንቱ አረንጓዴውን ደብተር ገዛ፤ ለልጅ የሚሆን፣ ረጋ ያለ፣ ከወገብ የማያልፍ ውሃ ይፈልግ ጀመር። እሷም ቃሏን ልትመልስ አስባ ነበር። ነገ እለዋለሁ ስትል፣ ነገ ሌላ ነገ ሲወልድ፣ ነገሩ የተረሳ መሰለ። ሉበና ትምህርት ቤት ገብታ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ዋና ተምራ እንኳ፣ ሐይቅ ሲሄዱ ሰሊማ ከዳር ሆና «እስከ ጉልበት!» ትላታለች። ጁሀር ደግሞ ከአጠገቧ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ያያል።

*

ረቡዕ ሦስተኛው ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ሰሊማ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ሀጂራ።

«ምድር ቤት። የልብስ ማጠቢያው ተራዬ ዛሬ ነው። ካለፈኝ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ።»

እትዬ ሀጂራ በዙሪያቸው ያሉትን ሴቶች አዩ። «እዚህ አገር መልአከ ሞትም ልብሱን የሚያጥበው ተራ ይዞ ነው» አሉ። በለቅሶው ሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው በአፍ ላይ በተጫነ ነጠላ ታፈነ።

ሰሊማ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊውን ቦርሳ አወጣችና ከቅርጫቱ ላይ ጫነችው። ልታጥበው ነው ያሰበችው፤ ሳታይ፣ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ማሽኑ ልትገለብጠው።

ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሳሙናና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተራው ሰሌዳ ተለጥፏል፣ ከጎኑ እርሳስ በክር ተንጠልጥሏል። በዛሬው ረቡዕ ትይዩ የቤታቸውን ስም የጻፈው ጁሀር ነው። ቦርሳውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ዚፑን ያዘች። ለቀቀችው። ከቀሚሷ ኪስ አረንጓዴውን ደብተር አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ።

የእግር ኮቴ ተሰማ። ሉበና ነበረች። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የላትም።

«እትዬ ሀጂራ ናቸው የላኩኝ» አለች። «‹እናትሽ እያለቀሰች ከሆነ ተያት፤ ካላለቀሰች ጥሪያት› አሉኝ። እያለቀስሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ልጥራሽ?»

«ቆይ ትንሽ።»

ልጅቱ ተጠግታ ደብተሩን አየች። «የአባባ ነው። እዚህ ጋ አላነበብኩም። ላንብብ?»

ሰሊማ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ምክንያት አጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሉበናን አማርኛ የምታስነብባት ራሷ ናት። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምር በነበረ ጊዜ የለመደችውን ዘዴ ይዛ፣ አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ሲመጣ ከፊደሉ አናት ላይ ትንሽ ምልክት ታደርግላታለች፤ ለሚጠብቀው «ጠ»፣ ለሚላላው «ላ»። ሉበና ግን ሁሉንም አላልታ ነው የምታነብበው። አንድ ቅዳሜ «አባባ አለ» የሚለውን አላልታ አነበበችና ጁሀር ከሶፋው ላይ «ምን አለ?» አላት። «ለ ይጠብቃል» አለች ሰሊማ፤ ልጅቱ አጥብቃ ደገመችው። «አለሁ» አለ ጁሀር እጁን አውጥቶ። «ይኸው አለሁ።»

ሉበና ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ታነብባለች።

«ጄኔቭ፣ የዚያን… ቀኑ ቦታ። በሐምሌ እን… እንመለስበታለን። ዋናውን ለሰሊማ አልነገርኳትም።»

«ና ይጠብቃል» አለች ሰሊማ ሳታስበው። የአስተማሪ አፍ ለቅሶ አያውቅም። አጥብቃ አሰማቻት።

«እንደዚያ ሲሆን ምን ማለት ነው?»

«ትልቁን ነገር ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን።»

ሉበና ግንባሯን ቋጠረች። «አይ ማማ። ዋና ማለት ሽቪመን ነው፣ ኦደር? መዋኘት።» ደብተሩን አጠፈችና ሽፋኑን ወደ እናቷ አዞረችው። ክንዷን ወደ ፊት ዘርግታ አየሩን ቀዘፈች። «የዋና ቦታዎች። እዚህ ዋና፣ እዚያም ዋና። አንድ ናቸው።»

ሰሊማ ደብተሩን ከልጅቱ እጅ ወሰደችና መልሳ ገለጠችው። ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ና ላይ ስትደርስ እንደ ሉበና አላልታ አለፈችው። ዋናውን ለሰሊማ አልነገርኳትም። ከመጀመሪያ ጀምራ እንደገና አነበበችው። የዚያን ቀኑ ቦታ። በሐምሌ እንመለስበታለን። ዋናውን…

አምስት ቀን ሙሉ ጠብቃ የያዘቻት አንዲት ፊደል ነበረች።

የቦርሳውን ዚፕ ሳበችው። የበረኪናው ሽታ ወጣ። መጋዘን አልነበረም፤ የዋና ገንዳ ነው፤ ያ ጣሪያ ሥር ያለው፣ እስረኛ ነው ይለው የነበረው ውሃ። ጥቁር የዋና ቁምጣ። ማሰሪያው የተቋጠረ የውሃ መነጽር። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር፦ ቢጫ ፎጣ። ዳክዬው ደብዝዟል። ዓምና ጠፋ ብላ ስንት ቀን የፈለገችው የሉበና ፎጣ ነው። ገና እርጥብ ነበር። ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ውሃው አልደረቀም።

ከጎን ኪሱ ውስጥ ሉበና አንድ ካርድ አወጣች። «ስሙ አለበት» አለች። ጀርመንኛውን ከእናቷ ይልቅ እሷ ፈጥና ታነብባለች። «ለአዋቂዎች… የማይችሉ አዋቂዎች፣ ማለት፣ የሚጀምሩ። ዲንስታግ። ማክሰኞ።» ገለበጠችው። ከጀርባው በብዕር አጠር ያለ ጽሑፍ አለ፤ ቀኑ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው፣ በሞቱ ዋዜማ፤ ከሥሩ የአንዲት ሴት ስምና ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ ብስክሌት ተሥላለች። «‹ጁሀር፦ ሃምሳ ሜትር፣ ኦነ ሃልት።› ኦነ ሃልት በአማርኛ እንዴት ይባላል?»

ሰሊማ ካርዱን ከልጅቱ እጅ ወሰደች።

«ሳይቆም» አለች።

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሃምሳ ሜትር፣ ሳይቆም።

«ስለዚህ አባባ መዋኘት ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«አንድ ቀን ክፉ ነገር ተናግሬው ነበር» አለች ሰሊማ። «መልሱን እያዘጋጀ ነው የቆየው።» ፎጣውን ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ አልነበረውም።

ሉበና ቆማ አየቻት። «አሁን እያለቀስሽ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ተያት ብለውኛል።» ወደ ደረጃው ሄደች። ሁለት ደረጃ ወጥታ ቆመች። «ማማ፣ በሐምሌ እንሄዳለን?»

«ዘንድሮ አይሆንም። ዒዳ ላይ ነኝ። ከርሞ።»

«እሺ። ከርሞ እስከየት ልግባ? እስከ ጉልበት?»

ሰሊማ ፎጣውን ከፊቷ አወረደች።

«እስከፈለግሽው ድረስ» አለቻት።

ኮቴው ወደ ላይ ራቀ። ሰሊማ የቅርጫቱን ልብስ ማሽኑ ውስጥ ከተተች፤ የሉበናን ሹራብ፣ የእንግዶቹን አንሶላ፣ የጁሀርን ሁለት ሸሚዝ። በሩን ዘግታ አስነሣችው። ፎጣውን አልጨመረችም። እንደነበረ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ከማሽኑ ፊት ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከቅዳሜ ወዲህ ሳትነሣ የተቀመጠችው አሁን ነው።

ከዚያ እጇን ሰዳ ከግድግዳው የተንጠለጠለውን እርሳስ ሳበች። ክሩ አጭር ስለሆነ ደብተሩን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ነበረባት። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከ«ዋናውን» መካከል፣ ከና አናት ላይ፣ ለተማሪዎቿ ታደርግ እንደነበረው አንዲት ትንሽ «ላ» ጻፈች።